«አይረባም» ተብሎ የተጣለው ሞገድ

አጭር ሞገድ ራዲዮ ባለበት ቤት ያደገ ሰው ይቺን አይረሳትም። አባት ራዲዮኑን መስኮቱ ላይ ያስቀምጡታል። አንቴናውን እስከ ጫፉ ይመዙታል፤ አልበቃ ሲላቸው ሽቦ ቀጥለው ከቆርቆሮው ጣሪያ ጋር ያስሩታል። የዶቼ ቬለ ወይም የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ፕሮግራም ሊጀምር ሲል ቤቱ ጸጥ ይላል። ድምፁ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመጣል። ዋናው ዜና ላይ ሲደርስ «ሽሽሽ» ብሎ ይጠፋል። «ሞገዱ ሄደ» ይባላል። ወዴት እንደሄደ የሚጠይቅ ግን የለም።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት እያስተማርኩ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ከጀርመን የሚያወሩት እዚህ ድረስ ጥርት ብሎ ከተሰማ፣ የአዲስ አበባው ኤፍኤም ደብረ ብርሃን ሳይደርስ ለምን ይጠፋል?» አለኝ። «የፊዚክስ መምህርህን ጠይቅ» ብዬ አለፍኩት። ክፍሉ ሳቀ፤ ልጁ አፈረ። ያ ልጅ ዛሬ እዚህ ገጽ ላይ ይኑር አይኑር አላውቅም። ካለ ግን ዕዳዬን ልክፈል። ነገሩን ሳነብበው የፊዚክስ ብቻ ሳይሆን የታሪክም ጥያቄ ሆኖ ነው ያገኘሁት። ስለዚህ ጥፋቱ የኔ ነበር።

ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

*

ነገሩ የሚጀምረው ከማርኮኒ ነው። ጣሊያናዊው ጉልዬልሞ ማርኮኒ በዲሴምበር 12 ቀን 1901፣ ከእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ፖልዱ ከምትባል ቦታ የተላከች አንዲት የሞርስ ፊደል (ሦስት ነጥብ፣ «ኤስ») አትላንቲክን ተሻግራ ኒውፋውንድላንድ ላይ ሰማኋት አለ። የመቀበያውን የአንቴና ሽቦ ወደ ሰማይ ያነሳው በካይት ነበር፤ ልጆች በነፋስ እንደሚያበሩት ዓይነት። ያመነውም ያላመነውም ብዙ ነበር፤ የሆነው ሆኖ ከዚያ በኋላ ገንዘቡም መንግሥታቱም ወደ ራዲዮ ዞሩ።

በዚያን ዘመን የነበሩት ሊቃውንት አንድ ጽኑ እምነት ነበራቸው። ሩቅ ለመድረስ ረጅም ሞገድ ያስፈልጋል፤ ሞገዱ ሲረዝም የመሬቱን ጉብታ ተከትሎ ይሄዳል፣ ሲያጥር ግን ቶሎ ይደክማል የሚል። ይሄ ሙሉ በሙሉ ስህተት አልነበረም። መሬት ለመሬት ለሚሄድ ሞገድ እውነት ነው። ስለዚህ ኩባንያዎቹና የጦር መርከብ ክፍሎቹ ሞገድን እያስረዘሙ፣ ምሰሶን እያስረዘሙ፣ ኃይልን እያበዙ ሄዱ። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት በ1926 ራግቢ ላይ የከፈተውን ጣቢያ ብቻ እንይ። እያንዳንዳቸው 250 ሜትር የሚቆሙ 12 ምሰሶዎች ነበሩት። የሞገዱ ርዝመት ደግሞ ከ18 ኪሎ ሜትር በላይ። ልብ በሉ፣ የአንዲቷ ሞገድ ርዝመት ነው 18 ኪሎ ሜትር!

በሌላ በኩል ልጆቹ አሉ። አሜሪካ ውስጥ በየቤቱ ጓዳና በየጣሪያው ሥር፣ ከመዳብ ሽቦ፣ ከብርጭቆና ከመኪና የእሳት ማስነሻ ጥቅል የራዲዮ ማስተላለፊያ የሚሠሩ ወጣቶች። ደሞዝ የላቸውም፣ አለቃ የላቸውም። «አማተር» የተባሉትም ለዚያ ነው፤ ቃሉ ከላቲን የመጣ ሆኖ የሚወድ ማለት ነው። ታዲያ የሚወዱትን ነገር ሲያደርጉ መርከበኞቹን ይረብሹ ነበር። የባሕር ኃይሉ ትእዛዝ ሊያስተላልፍ ሲል የአንዱ ጎረምሳ ብልጭታ ጣልቃ ይገባል። ጥቂቶቹ ደግሞ ሆን ብለው አሳሳች መልእክት ይልኩ ነበር፤ ይሄን መካድ አይገባም። ታይታኒክ በአፕሪል 1912 ስትሰጥም በአየሩ ላይ የተፈጠረው የመልእክት ትርምስ ደግሞ ለባለሥልጣናቱ ጥሩ ምክንያት ሆነላቸው።

በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ አሜሪካ ሕግ አወጣች። የግል ጣቢያዎች ከ200 ሜትር በላይ የሆነ ሞገድ እንዳይጠቀሙ ተከለከሉ፤ ኃይላቸውም ከ1 ኪሎዋት እንዳያልፍ ተወሰነ። ከ200 ሜትር በታች ያለውን እንደፈለጋችሁ ተባሉ። ለምን? የሚፈልገው ስለሌለ። እዚያ ላይ ሲጮኹ ጎረቤት ከተማ ደርሰው ይቀራሉ፣ ሰልችቷቸውም ይተዉታል ተብሎ ታሰበ። በኛ አገር ታሪክ የምናውቀው ነገር ነው። ለሙን ሜዳ ባለ ጉልበቱ ይወስድና ድንጋያማውን ዳገት «እሱን እረስ» ብሎ ለጭሰኛው ይተውለታል።

*

ድንጋዩን መፈንቀል የጀመሩት ቀስ ብለው ነው። በ1914 ሃይረም ፐርሲ ማክሲም የሚባል የሃርትፎርድ መሐንዲስ የአሜሪካ የራዲዮ ቅብብሎሽ ማኅበርን መሠረተ። (አባቱ የማክሲምን መትረየስ የሠራው ሰው ነው፤ ያን መትረየስ ከአፍሪካ የቅኝ ግዛት ታሪክ ታውቁታላችሁ። ልጁ ግን የመኪና ሞተርና የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ ሠሪ ሆነ። የታሪክ ቀልድ እንዲህ ነው።) «ቅብብሎሽ» የተባለበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አንዱ ጣቢያ ሩቅ መድረስ ስለማይችል መልእክቱን ለሚቀጥለው ይሰጣል፣ እሱም ለሚቀጥለው። ከጋራ ጋራ እየተጣሩ ወሬ እንደሚያሻግሩ የገጠር ሰዎች ማለት ነው።

አሜሪካ በ1917 ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ አማተሮቹ አንቴናቸውን እንዲያወርዱ ታዘዙ። እስከ 1919 ድረስ ዝም አሉ። ሲመለሱ ግን ጦርነቱ አንድ ስጦታ ይዞላቸው መጥቶ ነበር፤ የራዲዮ አምፖል፣ ማለትም ቫልቭ። አምፖሉ ደካማውን ድምፅ ያጎላል፤ ለማስተላለፊያም ከድሮው ብልጭታ ይልቅ የጠራ ሞገድ ይሰጣል።

ከዚያ ጥያቄው መጣ፤ አትላንቲክን መሻገር ይቻል ይሆን? በ1921 መጀመሪያ ሞከሩ። አሜሪካኖቹ ላኩ፣ እንግሊዞቹ አዳመጡ፣ ምንም አልተሰማም። አሜሪካኖቹ ታዲያ «ችግሩ የኛ ማስተላለፊያ ሳይሆን የእናንተ ጆሮ ነው» አሉና በዚያው ዓመት መጨረሻ ፖል ጎድሊ የሚባለውን የመቀበያ ባለሙያቸውን ወደ ብሪታንያ ላኩት። ትዕቢት ይመስላል፤ ግን ልክ ነበሩ። ጎድሊ ስኮትላንድ ውስጥ አርድሮሳን በምትባል የባሕር ዳርቻ ድንኳን ተከለ። ዲሴምበር ነው፤ ዝናብ፣ ንፋስ፣ ብርድ። በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር ሽቦ በሜዳው ላይ ዘረጋና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ሌሊቱን ተቀመጠ። እናም ሰማ። ኮኔቲከት፣ ግሪኒች ላይ ያለ ጣቢያ ያስተላለፈውን ሙሉ መልእክት ቃል በቃል ጻፈው። ወደ 30 የሚጠጉ የአሜሪካ አማተሮችን ሰምቶ ተመለሰ። ማርኮኒ አንዲት ፊደል ሰማሁ ካለ ልክ 20 ዓመቱ ነበር።

ይሄ ግን አንድ ወገን ብቻ ነው፤ መልስ የለውም። ሞገዱም ገና 200 ሜትር አካባቢ ነበር። «ወደ ታች እንውረድ» ያለው ትውልድ መጣ። ኒስ ከተማ የሚኖር ሌዮን ዴሎይ የሚባል ፈረንሳዊ፣ የጥሪ ምልክቱ 8ኤቢ፣ በ1923 አሜሪካ ድረስ ሄዶ የእነሱን አሠራር አይቶ ተመለሰ። በኖቬምበር መጨረሻ ላይ በ100 ሜትር አካባቢ መላክ ጀመረ። ሃርትፎርድ አጠገብ ፍሬድ ሽኔል፣ 1ኤምኦ፣ በዚያ ሞገድ ለመመለስ ልዩ ፈቃድ አውጥቶ እየጠበቀው ነበር። ተገናኙ። ወዲያው ደግሞ ጆን ራይናርትዝ የሚባለው ሌላ አሜሪካዊ ገባ። በሰው ቤት ውስጥ የተሠሩ ሁለት ጣቢያዎች አትላንቲክን ለመጀመሪያ ጊዜ ወዲያና ወዲህ እየተጠያየቁ ተሻገሩት። የሚገርመው፣ ሞገዱን ወደ ግማሽ ሲያሳጥሩት ድምፁ ደከመ ሳይሆን ጎላ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ይሄ ሲሆን ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ከሆነች 2 ወሯ ነው። በዚያ ዘመን በኛ አገር ርቀትን የሚያሳጥረው ነገር ባቡሩና ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በእንጨት ላይ የተዘረጋው ሽቦ ነበር። ሽቦው ሲበጠስ ወሬውም አብሮ ይበጠሳል።

*

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣሁ።

ኒውዚላንድ፣ ደቡቡ ደሴት፣ ኦታጎ ውስጥ ሻግ ቫሊ የሚባል የበግ እርባታ አለ። ፍራንክ ቤል ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ታሞ ወደ ቤተሰቡ እርሻ የተመለሰ ሰው ነው። በሕመሙ ጊዜ ራዲዮ ጀመረ። የጥሪ ምልክቱ ዜድ4ኤኤ። ከሰው የራቀ፣ ከከተማ የራቀ፣ ከዓለም ሁሉ የራቀ ቦታ ላይ ነው ያለው።

በኦክቶበር 18 ቀን 1924 ምሽት ላይ ቁልፉን እየመታ ጥሪ ላከ። ለንደን ውስጥ፣ ሚል ሂል ትምህርት ቤት፣ ሴሲል ጎይደር የሚባል የ18 ዓመት ተማሪ በማለዳ ማዳመጫውን አድርጎ ነበር። የትምህርት ቤቱ ጣቢያ ጂ2ኤስዜድ ይባላል። ተማሪው ሰማው፣ መለሰለት። አንዱ ዘንድ ፀሐይ እየገባች ነው፣ ሌላው ዘንድ እየወጣች።

የዓለም ካርታ ካላችሁ ክፈቱት። ከእንግሊዝ መሬቱን ቆፍረህ ቀጥ ብለህ ብትወርድ የምትወጣው ኒውዚላንድ አካባቢ ነው። ርቀቱ ከ18,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከዚያ የሚርቅ ቦታ ምድር ላይ የለም ማለት ይቻላል፤ አልፈህ ከሄድክ መመለስ ትጀምራለህ። የእንግሊዝ መንግሥት ከቅኝ ግዛቶቹ ጋር በራዲዮ ለመገናኘት ስለ ግዙፍ ጣቢያዎች ዓመታት ሲከራከር፣ አንድ በግ አርቢና አንድ ተማሪ ባገኙት ዕቃ ሰላምታ ተለዋወጡ።

ፍራንክ በኋላ ወደ እርሻው ሥራ አዘነበለ። ጣቢያውን የተረከበችው እህቱ ብሬንዳ ቤል ናት። የኒውዚላንድ የመጀመሪያዋ ሴት አማተር ኦፕሬተር ሆነች፤ በ1927 ደግሞ ከኒውዚላንድ ተነስቶ ደቡብ አፍሪካን በራዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘ ሰው እሷ ናት። ስለ ወንድሟ የሚጽፉ ብዙዎች እሷን በአንድ መስመር ነው የሚያልፏት። እኔም ይኸው በአንድ አንቀጽ አለፍኳት።

*

አሁን የዚያ ልጅ ጥያቄ። ሞገዱ ወዴት ነው የሚሄደው?

ወደ ሰማይ። ቀልድ አይደለም። በ1902 አሜሪካ ውስጥ አርተር ኬነሊ፣ እንግሊዝ ውስጥ ኦሊቨር ሄቪሳይድ፣ ሁለቱም ለየብቻቸው፣ ከምድር ከፍ ብሎ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ የአየር ንጣፍ መኖር አለበት፣ አለዚያ የማርኮኒ ሞገድ የምድርን ጉብታ እንዴት ተሻገረ ብለው ነበር። ሐሳባቸው ከ20 ዓመት በላይ ሐሳብ ሆኖ ቆየ። ኤድዋርድ አፕልተን የተባለው ሳይንቲስት ከባልደረባው ጋር ሆኖ የቢቢሲን የቦርንመዝ ማሰራጫ ተጠቅሞ ንጣፉ በእርግጥ እንዳለ ያሳየው በዲሴምበር 1924 ነው። ቤልና ጎይደር ከተነጋገሩ 2 ወር እንኳ አልሞላም ነበር። ልጆቹ ሰማዩን ተጠቅመው ከጨረሱ በኋላ ነው ሳይንሱ ሰማዩን የለካው። አፕልተን በ1947 የኖቤል ሽልማት ተሸለመ፤ ይገባዋል።

ንጣፉ ዛሬ አዮኖስፌር ይባላል። የፀሐይ ጨረር አየሩን ሲመታው ከአቶሞቹ ላይ ኤሌክትሮን ያራግፋል፤ እነዚያ ነጻ የወጡ ኤሌክትሮኖች አጭሩን ሞገድ እያጎበጡ ወደ ምድር ይመልሱታል። ዋናው መላሽ ንጣፍ ከ200 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ሞገዱ ከዚያ ተመልሶ ምድርን ይነካል፣ ከምድርም ነጥሮ ደግሞ ይወጣል፤ እንዲህ እየዘለለ ዓለምን ይዞራል። ኤፍኤም ግን ሞገዱ በጣም ስላጠረ ንጣፉን በስቶ ወደ ሕዋ ይሄዳል። ቀጥታ ከምሰሶው የሚታይ ቦታ ላይ ካልሆንክ አትሰማውም። የደብረ ብርሃን መልስ ይሄ ነው፣ ልጄ።

ማታስ ለምን ይጠራል? ከታች፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በታች፣ ሞገዱን የማይመልስ ነገር ግን የሚመጥ ሌላ ንጣፍ አለ። የሚኖረው ቀን ቀን ብቻ ነው። ፀሐይ ስትገባ ይበተናል፤ ያኔ በተለይ ረዘም ያሉት የአጭር ሞገድ ባንዶች ይከፈታሉ። ንጋትና ምሽት ላይ ደግሞ፣ ብርሃንና ጨለማ በሚገናኙበት መስመር ላይ ባሉ ሁለት ቦታዎች መካከል፣ የታችኛው መጣጭ ጠፍቶ የላይኛው መላሽ ገና ስላልከሰመ መንገዱ ለጥቂት ደቂቃዎች ወለል ይላል። ቤልና ጎይደር የተገናኙት በዚያች ሰዓት ነው። ፀሐይም በ11 ዓመት ገደማ አንዴ በነጠብጣብ ትሞላለች፣ አንዴ ትጸዳለች፤ ነጠብጣቧ ሲበዛ ሰማዩ አጫጭሮቹን ሞገዶች በደንብ ይመልሳል። አባቶቻችን ራዲዮኑን ሲመቱት የነበሩት በከንቱ ነው። የጠፋው ራዲዮኑ ውስጥ አልነበረም።

አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ፣ ለሚቀጥለው ታሪክ ያስፈልገናል። ሞገዱ ሲዘል መሃል ላይ የሚዘለው ቦታ አለ። ጋራ ላይ ቆሞ የሚጣራ እረኛን አስቡ። ማዶ ጋራ ላይ ያለው ይሰማዋል፤ ከሥሩ ገደል ውስጥ ያለው ግን፣ ለእረኛው የቀረበው እሱ ሆኖ ሳለ፣ አይሰማም።

*

ማርኮኒ ራሱ ወደ አጭር ሞገድ ዞሮ ነበር። የእሱ ኩባንያ በ1926 መጨረሻ ከእንግሊዝ ካናዳ የከፈተው የአጭር ሞገድ መስመር ከግዙፎቹ ጣቢያዎች በብዙ ረከሰ፤ የባሕር ሥር የቴሌግራም ኬብል ኩባንያዎችን ገበያ ነጠቀ። ነገሩ ስላስፈራ በ1929 የብሪታንያ የኬብልና የራዲዮ ድርጅቶች እንዲዋሃዱ ተደረገ። ድንጋያማው ዳገት ወርቅ ወጣበትና ባለቤት ነን የሚሉ በዙ። በ1927 ዋሽንግተን ላይ መንግሥታት ተሰብስበው ሰማዩን ሲካፈሉ፣ ዳገቱን ያለሙት አማተሮች በጠባብ በጠባብ ቁራጭ (80 ሜትር፣ 40 ሜትር፣ 20 ሜትር እየተባለ) ተሰጣቸው። ጨርሶ አልተባረሩም፤ ግን «ከ200 ሜትር በታች ያለው ሁሉ የእናንተ ነው» የሚለው ዘመን አበቃ። ደግነቱ ቁራጮቹ በየአገሩ ተመሳሳይ ስለሆኑ እርስ በርስ ለመገናኘት በቁ።

*

በሜይ 1928 የጣሊያኑ ጄኔራል ኡምበርቶ ኖቢሌ «ኢታሊያ» በምትባል የአየር መርከብ ወደ ሰሜን ዋልታ በረረ። ዋልታው ላይ ደረሱ፣ ባንዲራ ጣሉ፣ ሲመለሱ በሜይ 25 መርከቧ በረዶው ላይ ወደቀች። 16 ሰው ነበር። የተሳፋሪው ክፍል ሲሰበር 10ሩ በረዶው ላይ ተበተኑ፤ አንዱ ወዲያው ሞተ። መርከቧ ሸክሟ ሲቀልላት የቀሩትን 6ቱን ይዛ እንደገና ተነሳች፣ ነፋስ ወሰዳት። እነዚያን 6 ሰዎች እስከ ዛሬ ያገኛቸው የለም።

በረዶው ላይ ከተበተነው ዕቃ መካከል አንድ ድንኳን (በኋላ ከአየር እንዲታይ ቀይ የተቀባ) እና አንዲት ትንሽ የአጭር ሞገድ ማስተላለፊያ ተገኘች። ኦፕሬተሩ ጁሴፔ ቢያጂ አንቴና አቆመና ኤስኦኤስ መምታት ጀመረ። የድጋፍ መርከባቸው «ቺታ ዲ ሚላኖ» ወደ 300 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ኪንግስ ቤይ ቆማለች። ቢያጂ በማዳመጫው እሷን ይሰማታል። እሷ ግን አትሰማውም። ቀን አለፈ፣ ሌላ ቀን አለፈ። የመርከቧ ራዲዮ የጋዜጠኞችንና የሠራተኛውን ቴሌግራም ሲልክ ይሰማል፤ በዚህ በኋላ ብዙ ተወቅሳለች። ግን ገደሉ ውስጥ ያለውን ሰውዬ አስታውሱት። የቢያጂ ሞገድ ከራሷ በላይ እየዘለለ ሊሆን ይችላል።

ማዶ ጋራ ላይ የነበረው ማን ነው? ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ሰሜን ሩሲያ፣ ቮዝኔሴንዬ ቮክማ በምትባል መንደር የሚኖር ኒኮላይ ሽሚት የሚባል ሃያዎቹን ገና የጀመረ ወጣት ነበር። መቀበያውን በገዛ እጁ ነው የሠራው፤ አንድ አምፖል ብቻ አላት። በጁን 3 ማታ ባንዱን ሲፈትሽ የተቆራረጠ ሞርስ ሰማ። ኢታሊያ፣ ኖቢሌ፣ ኤስኦኤስ። የቦታው ስም ተበላሽቶበታል፤ የተሰማው ፍራንዝ ዮሴፍ የሚባሉትን ደሴቶች የሚመስል ነገር ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «ቅዠት ነው» ብሎ ይተኛ ነበር። እሱ ወደ ሞስኮ ቴሌግራም ላከ።

ዓለም ከ9 ቀን በኋላ በሕይወት እንዳሉ ያወቀው በዚያች ቴሌግራም ነው። ከቀናት በኋላ የራሳቸው መርከብም ሰማቻቸው። ከዚያ ያለውን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ፊልምም ተሠርቶለታል። ስመ ጥሩው ኖርዌያዊ አሳሽ ሮአልድ አሙንድሰን ከኖቢሌ ጋር ተኳርፎ ሳለ ሊፈልገው በረረና በዚያው ቀረ። አንድ ስዊድናዊ አብራሪ ኖቢሌን ቀድሞ አወጣው፤ ይሄም አዛዡ ከሰዎቹ በፊት ወጣ ተብሎ ዕድሜ ልኩን አስወቀሰው። «ክራሲን» የሚባለው የሶቪየት በረዶ ሰባሪ መርከብ በጁላይ 12 ደርሶ የቀሩትን ሰበሰበ። ከ16ቱ 8 ሰው ተረፈ።

ሽሚትስ? ስሙ በጋዜጣ ወጣ፣ ሞስኮ ጠርታ አከበረችው። ቆይቶ ታሽከንት ሄዶ በሙያው ይሠራ ጀመር። ራዲዮን አልተወም። በ1941 ጀርመን ሶቪየት ኅብረትን ስትወር፣ የጀርመን ስም ያለው፣ ራዲዮ መሥራትና ከሩቅ መስማት የሚያውቅ ሰው ምን ይባላል? ሰላይ። ታሰረ። በ1942 ተረሸነ። ንጹሕ ነው ተብሎ ስሙ የተመለሰለት በ1984 ነው።

ይሄን ሳነብ ለረጅም ጊዜ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ያዳነው ችሎታና ያስገደለው ችሎታ አንድ ነው፤ ማንም ባልጠበቀው ሰዓት፣ ማንም ባልጠበቀው ቦታ ሆኖ መስማት። በደርግ ጊዜ የራዲዮኑን ድምፅ ቀንሰው፣ ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ ለጥፈው ዶቼ ቬለን ያዳመጡ ወላጆች ያሏችሁ ይሄ ነገር ይገባችኋል። መስማት ብቻውን የሚያስፈራ ጊዜ ነበር። ለነዚያ ራዲዮ ማዳመጥ ማለት በሩን ቀርቅሮ፣ ልጆቹን «ውጪ እንዳታወሩ» ብሎ ነው።

*

ሳተላይትና ኢንተርኔት ከመጡ በኋላ አጭር ሞገድ ያረጀ ይመስላል። አማተሮቹ ግን አሉ፤ ዛሬም በመላው ዓለም በጣም ብዙ ናቸው። እያንዳንዱ አገር የራሱ የጥሪ ፊደል አለው፤ የኛ «ኢቲ» ነው። አንድ አማተር ስንት አገር እንዳገኘ ይቆጥራል፤ ለያንዳንዱ ግንኙነት ማረጋገጫ የሚሆን ፖስት ካርድ ይለዋወጣሉ፣ ግድግዳቸው ላይ ይደረድሩታል። የዮርዳኖሱ ንጉሥ ሁሴን ሳይቀሩ ጄዋይ1 በሚል ምልክት ቁጭ ብለው ከተራው ሰው ጋር ይነጋገሩ ነበር። ኢትዮጵያ ደግሞ በአየር ላይ ብዙ ስለማትገኝ በእነሱ ዘንድ ተፈላጊ ናት። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ አዲስ አበባ 5 ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ አለ። ምልክቱ ኢቲ3ኤኤ ነው። በዚያ ግቢ ስንት ዓመት ተምራችሁ አንቴናውን ቀና ብላችሁ ያላያችሁት ትኖራላችሁ።

ከዚያ ጣቢያ አንድ ተማሪ «ሲኪው፣ ሲኪው» (የሚሰማኝ ሁሉ ይመልስልኝ ማለት ነው) ብሎ ሲጣራ ከጃፓን፣ ከጣሊያን፣ ከአሜሪካ የሚመልሱት ይደራረባሉ። ከድምፁ ክምር ውስጥ አንዱን ለመለየት ጆሮ ያስፈልጋል። ያ ተማሪዬ አሁን ትልቅ ሰው ሆኖ ይሆናል፤ ልጅ ካለው ግን ልጁን ይዞ አንድ ቅዳሜ 5 ኪሎ ጎራ ብሎ ቢጠይቅ ደስ ይለኛል። ኢቲ3ኤኤ ላይ ተቀምጣችሁ የምታውቁ ካላችሁ ደግሞ ያጋጠማችሁን ከታች ጻፉልን፤ በተለይ ምሽት ላይ እስከ የት እንደሰማችሁ።

ቸር ያሰማን።